የላቲኖ ወንዶች ዝምታና የክሊኒኩ በር፦ ለአንዲት ነርስ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው የመጣው በሜሪላንድ ግዛት በአንድ የማኅበረሰብ ክሊኒክ ከሚያገለግሉ ኢትዮጵያዊት ነርስ ነው። ታካሚዎቻቸው በአብዛኛው ከኤል ሳልቫዶር፣ ከጓቲማላና ከሆንዱራስ የመጡ ስደተኞች መሆናቸውን ይገልጹና እንዲህ ይላሉ፦ «ከወንዶቹ መካከል ከወንድ ጋር ግንኙነት እንዳላቸው ከሕመማቸው ሁኔታ የምንረዳላቸው አሉ። ስንጠይቃቸው ግን ይክዳሉ ወይም ዝም ይላሉ፤ ቀጠሮ ያሳልፋሉ፤ የኤች አይ ቪ መከላከያው ፕሬፕ ሲታዘዝላቸውም ከፋርማሲ ሳይወስዱት ይቀራሉ። አንድ ወጣት ደግሞ ሁልጊዜ የሚመጣው ከእናቱ ጋር ነው፤ የምታስተረጉምለትም እሷ ናት። ባልደረቦቼ ‹ባህላቸው ነው፣ ምንም ማድረግ አይቻልም› ይላሉ። እውነት ባህላቸው ነው? እኔም በቤተ ክርስቲያን ያደግሁ ሰው ነኝና እንዲህ ያለውን ነገር ለመጠየቅ አንደበቴ ይያዛል። እንዴት ልርዳቸው?»

የተከበሩ እህቴ፣ ባህል በጉዳዩ ውስጥ እንዳለበት አልክድም። ባልደረቦችዎ ግን በታካሚው በኩል ያለውን ሁሉ ቆጥረው በክሊኒኩ በኩል ያለውን ሳይቆጥሩ የደመደሙ ይመስለኛል። በእኔ ግምገማ እነዚህን ወንዶች ከሕክምና የሚያርቃቸው በቅድሚያ የኢንሹራንስ እጦት፣ የመኖሪያ ወረቀት ጉዳይ፣ ቋንቋና ምስጢሬ አይጠበቅም የሚለው ስጋት ነው። ባህሉ የእነዚህን መሰናክሎች ዋጋ ያንረዋል፤ ለሌላው ታካሚ መጉላላት ብቻ የሆነው ስህተት ለእነሱ ቤተሰባቸውንና ማደሪያቸውን እስከማጣት ሊያደርሳቸው ይችላል። ስለዚህ ክሊኒኩ ማድረግ የሚችለው ብዙ ነገር አለ፤ አብዛኛውም ታካሚው ማንነቱን እንዲናዘዝ ሳይጠይቁ የሚደረግ ነው።

መጀመሪያ የችግሩን መጠን ላስቀምጥ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ባወጣው ግምት በ2022 በመላ አገሪቱ 31,800 ያህል ሰዎች አዲስ በኤች አይ ቪ ተይዘዋል፤ ከእነዚህም ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት ከወንድ ጋር ግንኙነት ያላቸው ወንዶች ናቸው። ላቲኖዎች፣ ማለትም ከላቲን አሜሪካ አገሮች የመጡ ሰዎችና ዘሮቻቸው፣ ከአገሪቱ ሕዝብ 19 በመቶ ያህል ሆነው ሳለ አዲስ ከተያዙት ውስጥ 33 በመቶው እነሱ ናቸው። ከ2018 እስከ 2022 በአገር ደረጃ አዲስ የሚያዙ ሰዎች ቁጥር በ12 በመቶ ሲቀንስ በላቲኖዎች ዘንድ ያ ቅናሽ አልታየም። በዚያው በ2022 ፕሬፕ ይጠቅማቸዋል ተብለው ከተገመቱት ነጮች ውስጥ 94 በመቶ ለሚሆኑት መድኃኒቱ ሲታዘዝ፣ ከላቲኖዎች የታዘዘላቸው 24 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ይህን ልዩነት ይበልጥ መራራ የሚያደርገው የመድኃኒቱ የራሱ ታሪክ ነው። በየዕለቱ የሚዋጥ እንክብል ከወንድ ጋር ግንኙነት ያላቸውን ወንዶች ከኤች አይ ቪ እንደሚጠብቅ ያረጋገጠው አይፕሬክስ የተባለው ጥናት ነው። ውጤቱ በ2010 ሲወጣ ተሳታፊዎቹ 2,499 ነበሩ፤ ከግማሽ የሚበልጡት የፔሩ ሰዎች ሲሆኑ ከኢኳዶርና ከብራዚልም ብዙዎች ተሳትፈዋል። በጠቅላላው የመያዝ ዕድል በ44 በመቶ ቀንሶ ታየ፤ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ በወሰዱት ላይ ጥበቃው ከዚህ እጅግ የላቀ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት በጁላይ 2012 መድኃኒቱን ለዚህ አገልግሎት የፈቀደው በከፊል እነዚህ ሰዎች በየወሩ እየተመላለሱ ደም ስለሰጡና ስለ ግል ሕይወታቸው ለማያውቁት ባለሙያ በዝርዝር ስለመለሱ ነው። በፔሩዋ ሊማና በኢኳዶሯ ጓያኪል ይህን ያደረገ ሕዝብ ሜሪላንድ ሲደርስ «ባህሉ እንዲናገር አይፈቅድለትም» ማለት አያስኬድም። እዚያ ያገኘውንና እዚህ ያጣውን መጠየቅ ነው የሚሻለው።

ባህል ደግሞ ቆሞ የሚጠብቅ ነገር አይደለም። አርጀንቲና የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን በሕግ ያወቀችው በጁላይ 2010፣ ማለትም የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በመላ አገሪቱ ከመፍቀዱ አምስት ዓመት ያህል ቀድማ ነው። ብራዚል የኤች አይ ቪ መድኃኒት ለሚያስፈልገው ሁሉ በነጻ እንዲሰጥ በሕግ የደነገገችው በ1996 ነው። ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ በ2000 የተከፈተው ክሊኒካ ኮንዴሳ ለዚሁ ሕክምና የተለየ ተቋም ነው። በአንጻሩ ሆንዱራስ በ2005 የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን በሕገ መንግሥቷ ከልክላለች፤ በኤል ሳልቫዶርና በጓቲማላም ሕጋዊ ዕውቅና የለም፤ በሦስቱም አገሮች የወሮበላ ቡድኖች እንዲህ ያሉ ወንዶችን ሲያሳድዱ ኖረዋል። ከቦነስ አይረስ የመጣ መሐንዲስና ከሆንዱራሷ ሳን ፔድሮ ሱላ ሸሽቶ የመጣ ግንበኛ በቅጹ ላይ «ላቲኖ» በሚል አንድ ሳጥን ውስጥ ይገባሉ እንጂ ለነርስ ጥያቄ የሚመልሱበት ልማድ አንድ አይደለም። ፖርቶሪኮዎችን ብንጨምር ደግሞ ከ1917 ጀምሮ የአሜሪካ ዜጎች ናቸውና የወረቀት ፍርሃት የለባቸውም፤ የቤተሰብና የቤተ ክርስቲያን ጫና ግን ሊኖርባቸው ይችላል። ስለዚህ ሲጀምሩ «ላቲኖዎች እንዲህ ናቸው» የሚለውን ትተው ታካሚው ከየት እንደመጣ፣ ከማን ጋር እንደሚኖርና ገቢው ከምን እንደሆነ ይወቁ።

አሁን ወደ ዝምታው ልምጣ፤ ጥያቄዎ የከበደው እዚህ ላይ ነውና። እርስዎ እንደ ኢትዮጵያዊ ይሉኝታንና የቤት ገመናን መሸፈንን ያውቃሉ። ይህ ዕውቀት ለብዙ አሜሪካውያን ባልደረቦችዎ የሌላቸው ትልቅ አጋዥ ነው። በብዙ የላቲኖ ቤቶች ቤተሰብ ከግለሰቡ ይቀድማል፤ ወላጅን ማክበር ማለት ወላጅን በሰው ፊት የሚያሳፍር ነገር አለማውጣትንም ይጨምራል፤ ወንድ ልጅ ቤተሰብ አስተዳዳሪና ጠንካራ እንዲሆን ይጠበቅበታል። ካርሎስ ዴሴና የተባሉት ምሁር ኒውዮርክ ውስጥ በሚኖሩ የዶሚኒካን ስደተኞች ላይ ባደረጉት ጥናት ያሳዩት ነገር ለሥራዎ እጅግ ይጠቅማል፤ በብዙ ቤተሰቦች ውስጥ የልጁ ነገር የታወቀ ነው፣ ግን አይነገርም። እናት ታውቃለች፣ ልጁም እናቱ እንደምታውቅ ያውቃል፤ ጓደኛው ለበዓል መጥቶ አብሮ ይበላል፤ ማንም ስም አይሰጠውም። ይህ ዝምታ ሁልጊዜ ሐፍረት ወይም ራስን መካድ ተደርጎ መታየት የለበትም። ለብዙዎች ከቤተሰብ ሳይቆረጡ በራሳቸው መንገድ የሚኖሩበት ስምምነት ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «ግብረ ሰዶማዊ ነህ?» ብሎ መጠየቅ፣ ወይም ራሱን እንዲገልጽ መገፋፋት፣ እሱ ለዓመታት ተጠንቅቆ የያዘውን ስምምነት በአንድ ቅጽ እንዲያፈርሰው መጠየቅ ነው። «አይደለሁም» ብሎ ሲመልስልዎ እየዋሸዎት ላይሆን ይችላል፤ ራሱን በዚያ ስም አይጠራም ይሆናል። ሚስትና ልጆች ያለው፣ ራሱን እንደማንኛውም ወንድ የሚያይ፣ አልፎ አልፎ ከወንድ ጋር የሚገናኝ ሰው ስለ ማንነት ሲጠየቅ የሚመልሰው መልስ ስለ ድርጊት ሲጠየቅ ከሚመልሰው የተለየ ነው።

ይህን ስል ዝምታው ያለ ዋጋ ነው ማለቴ እንዳልሆነ ይረዱልኝ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ራፋኤል ዲያዝና ባልደረቦቻቸው በማያሚ፣ በሎስ አንጀለስና በኒውዮርክ 912 ላቲኖ ወንዶችን አነጋግረው በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ ስለ ጾታዊ ዝንባሌያቸው የደረሰባቸው ጥላቻ፣ ድህነትና ዘረኝነት ሲደራረቡ ጭንቀትን፣ የመንፈስ ጭንቀትንና ራስን የማጥፋት ሐሳብን እንደሚያባብሱ አሳይተዋል። የጥናቱ ዋና ቁም ነገር ሦስቱ አንድ ላይ መታየት አለባቸው የሚለው ነው። ሰውየው በወገኖቹ ዘንድ ወንዶችን በማፍቀሩ፣ ወንዶችን በሚያፈቅሩት ነጮች ዘንድ በመልኩና በንግግሩ፣ በሥራው ቦታ በወረቀቱ ይገፋል። «ባህላቸው ነው» የሚለው አነጋገር ከሦስቱ አንዱን ብቻ አውጥቶ ሌሎቹን ሁለቱን ይሰውራል፤ ሁለቱ ደግሞ የአሜሪካ ሥራ ናቸው።

የወላጆችን ጉዳይ በሚመለከት በካትሊን ራያን መሪነት በሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተካሂዶ በ2009 የታተመው ጥናት ሊዘለል አይገባም። 224 ነጭና ላቲኖ ወጣቶች ተጠይቀው፣ በጉርምስናቸው ወራት ቤተሰባቸው ክፉኛ የተጸየፋቸው ካልተጸየፋቸው ጋር ሲነጻጸሩ ራሳቸውን ለማጥፋት የመሞከር ዕድላቸው ከስምንት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል፤ ከቤተሰብ ብዙ ክፉ ምላሽ ደረሰብን ያሉትም ላቲኖ ወንዶች ነበሩ። የዚሁ ቡድን ቀጣይ ሥራ ደግሞ የወላጅ ቅቡልነት በተቃራኒው ጠባቂ ኃይል መሆኑን አሳይቷል። ለእኔ ከዚህ የሚወጣው መልእክት ቤተሰብን እንደ ጠላት ማየት እንደማይገባ ነው። በክሊኒክዎ በር ከልጇ ጋር የምትመጣው እናት ሥራዋን ትታ፣ አውቶቡስ ተሳፍራ የምትመጣ ሰው ናት፤ ለልጇ ጤና የቆመች ትልቁ ረዳት እሷ ልትሆን ትችላለች። ጥፋቱ አስተርጓሚ እንድትሆን መተዋ ላይ ነው።

ስለዚህ ወጣቱን በሚመለከት ቀጥተኛ ምክር ልስጥዎ። የ2010 የጤና ማሻሻያ ሕግ አንቀጽ 1557 የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ ብቁ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ ታካሚው አስተርጓሚ ይዞ እንዲመጣ መጠየቅም ሆነ አብሮት በመጣ ዘመድ መተማመን የተፈቀደው እንደ ድንገተኛ አደጋ ባሉ በጣም ውስን ሁኔታዎች ብቻ ነው። ስለዚህ ለእናቲቱ በአክብሮት፣ ለሁሉም ታካሚ የሚደረግ መሆኑን ገልጸው፣ «እዚህ ሕግ ነው፤ ማንኛውንም ታካሚ የተወሰነ ደቂቃ ለብቻው እናነጋግራለን፤ ከዚያ እርስዎን እንጠራዎታለን» ይበሏት። ለሁሉም የሚደረግ ከሆነ ማንም አይጠረጠርም። ከልጇ ጋር ከወጣች በኋላ «ምን ጠየቁህ?» ብትለው ሊመልስላት የሚችለው አንድ እውነተኛ ነገር ይኑረው፤ ደም ግፊቱን፣ ክትባቱን፣ ስለ ሲጋራ መጠየቁን ያካትቱ።

ስለ አስተርጓሚ ስንነጋገር ሁለት ነገር አይርሱ። ከጓቲማላ ከሚመጡት ብዙዎቹ አፍ የፈቱት በማም፣ በኪቼ ወይም በቃንጆባል ቋንቋ ነው፤ ስፓኒሽ ለእነሱ ሁለተኛ ቋንቋ ነውና አንገታቸውን ሲነቀንቁ ገብቷቸዋል ማለት አይደለም። ሁለተኛው፣ አስተርጓሚው ከታካሚው መንደር ወይም ከሚያመልክበት ቤተ ክርስቲያን ሊሆን መቻሉ ነው። እንደ ላንግሊ ፓርክና ሃያትስቪል ባሉ የሜሪላንድ ሰፈሮች የአንድ ወረዳ ሰዎች በአንድ ሕንጻ ይኖራሉ። ይህን ስጋት የእኛም ሰው በሚገባ ያውቀዋል፤ በዋሽንግተን ከተማ በ2004 የወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ ከሚያካትታቸው ቋንቋዎች መካከል ከስፓኒሽ ጎን አማርኛ ይገኛል፤ ሆኖም «አስተርጓሚው ያውቀኛል» ብለው ሕመማቸውን ሳይናገሩ የሚመለሱ ኢትዮጵያውያን አሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በስልክ፣ ከሌላ ግዛት፣ የታካሚው ስም ሳይነገረው የሚያስተረጉም ባለሙያ አማራጭ መሆኑን አስቀድሞ መንገር።

ፕሬፑ ከፋርማሲ ሳይወሰድ የሚቀርበትን ምክንያትም በባህል ከመተርጎም በፊት አንድ በአንድ ይመርምሩት። የመጀመሪያው ገንዘብ ነው። ያለ ወረቀት የሚኖር ሰው በፌዴራል ሕግ ከሜዲኬይድም (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች ከሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) ሆነ በ2010ሩ ሕግ ከተቋቋመው የኢንሹራንስ መሸጫ ገበያ ተገልሏል፤ ግሪን ካርድ ያገኘ ሰውም በ1996 በወጣው የአሜሪካ የማኅበራዊ እርዳታ ሕግ ምክንያት ለሜዲኬይድ በአብዛኛው አምስት ዓመት መጠበቅ አለበት። ላቲኖዎች ኢንሹራንስ የማጣት ዕድላቸው ከነጮቹ ከእጥፍ በላይ የሆነው በዋናነት በእነዚህ ሕጎችና ኢንሹራንስ በማይሰጡ ሥራዎች ነው፤ ጣሪያ የሚሠራ፣ ሣር የሚያጭድ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን የሚያጥብ ሰው ከቀን ሥራው ቀርቶ ክሊኒክ ሲመጣ የዕለት ደመወዙን ያጣል። ኢንሹራንስ ላለው ግን ፕሬፕ ያለ ተጨማሪ ክፍያ መሸፈን አለበት፤ ይህንን ግዴታ የሚያቆመው አሠራር በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተፈትኖ በጁን 2025 ጸንቷል። ለሌለው ደግሞ ከ2021 ወዲህ ተመሳሳይ መድኃኒቶች ገበያ ላይ ስለዋሉ የእንክብሉ ዋጋ በእጅጉ ወርዷል፤ በፌዴራል ድጋፍ የሚሠሩ የማኅበረሰብ ክሊኒኮችም በገቢ መጠን የሚያስከፍሉና መድኃኒት በቅናሽ የሚገዙ ናቸው። ክሊኒክዎ ከእነዚህ አንዱ ከሆነ ታካሚው ወደ ሩቅ ፋርማሲ ሳይሄድ እዚያው በእጁ ቢሰጠው ይሻላል።

ሁለተኛው ምክንያት ብልቃጡ ነው። ሦስትና አራት ወንዶች በአንድ ክፍል በሚያድሩበት ቤት፣ ወይም እናት የልጇን ክፍል በምታጸዳበት ቤት፣ ስሙ የተጻፈበት የመድኃኒት ብልቃጥ ሁሉን ነገር ይናገራል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው በየሁለት ወሩ የሚሰጠው የካቦቴግራቪር መርፌ ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ፣ በየስድስት ወሩ የሚሰጠው የሌናካፓቪር መርፌ ደግሞ ከጁን 2025 ጀምሮ ተፈቅደዋል። ዋጋቸውና የኢንሹራንስ ሽፋናቸው ራሱን የቻለ ትግል ነው፤ ቢሆንም ለምስጢር ሲባል ልንታገልለት የሚገባ ይመስለኛል። እንክብል ለሚመርጠው መድኃኒቱን ጽሑፍ በሌለው ዕቃ እንዲያዛውረው ማሳየት ትንሽ የሚመስል ግን ትልቅ እርዳታ ነው።

ሦስተኛው ፖስታው ነው። ወጣቱ እስከ 26 ዓመቱ በወላጆቹ ኢንሹራንስ ሥር ሊቆይ ይችላል፤ ኢንሹራንሱ ግን የተደረገለትን ምርመራና የታዘዘለትን መድኃኒት የሚዘረዝር ደብዳቤ ለአባት ወይም ለእናት ይልካል። አንድ የኤች አይ ቪ ምርመራ በእንዲህ ያለ ደብዳቤ ቤት ውስጥ ወሬ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የፌዴራሉ የሕክምና ምስጢር ሕግ ታካሚው ደብዳቤው ወደ ሌላ አድራሻ እንዲላክለት ኢንሹራንሱን የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ቅጹን አስሞልተው ከክሊኒኩ ፋክስ ያድርጉለት፤ «ደውልና ጠይቅ» ብለው ከላኩት አያደርገውም። በስልክ መልእክት የምትተዉትም ቃል እንዲሁ ነው፤ በቤት ስልክ ላይ የክሊኒኩን ስምና የምርመራ ውጤትን መተው አይገባም።

አራተኛው ፍርሃት ነው፤ ይህም መሠረት አለው። በ2019 የወጣው «የመንግሥት ሸክም» ደንብ የመንግሥት እርዳታ የተጠቀመ ስደተኛ ግሪን ካርድ ሊከለከል እንደሚችል ሲያውጅ፣ ደንቡ የማይመለከታቸው ሰዎች ሳይቀሩ ከሕክምና ሸሹ፤ ደንቡ ገና ሐሳብ በነበረበት በ2018 እንኳ በስደተኛ ቤተሰቦች ውስጥ ከሚኖሩ ሰባት አዋቂዎች አንዱ ቤታቸው ከእርዳታ መራቁን ኧርባን ኢንስቲትዩት ለተባለው የምርምር ተቋም ተናግሯል። ደንቡ በ2021 ቢሻርም ወሬው አልተሻረም። ፍሎሪዳ በ2023፣ ቴክሳስ በ2024 ሆስፒታሎች የታካሚውን የኢሚግሬሽን ሁኔታ እንዲጠይቁ አዘዙ። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ የኢሚግሬሽን ፖሊሶች በሆስፒታል፣ በትምህርት ቤትና በቤተ ክርስቲያን አካባቢ ሰው እንዳይዙ ይገድብ የነበረው መመሪያ ተነሳ። ቀጠሮ የሚያሳልፍ ታካሚዎን ከመገሠጽዎ በፊት በዚያን ቀን በመንገዱ ላይ የኢሚግሬሽን መኪና ታየ የሚል ወሬ ነበር ወይ ብለው ይጠይቁ። ለሕክምናው የማያስፈልግ ከሆነም የመኖሪያ ወረቀቱን ሁኔታ በካርዱ ላይ አይጻፉ።

እዚህ ላይ ከሕክምና ወጣ ብዬ አንድ ነገር ላንሳ። በትውልድ አገሩ በዚህ ምክንያት የተሳደደ ሰው ጥገኝነት መጠየቅ ይችላል፤ ከኩባ በመጣ አንድ ሰው ጉዳይ በ1990 የተሰጠው ውሳኔ በ1994 ለሁሉም እንዲሠራ ተደርጓል። ነገር ግን ማመልከቻው በመርሕ ደረጃ ከገቡ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ መቅረብ አለበት። ዝም ብሎ የሚኖር ሰው ይህ መብት እንዳለው ሳያውቅ ዓመቱ ያልፍበታል። በቅርቡ የመጣና ከምን እንደሸሸ በጭምጭምታ የሚነግርዎት ታካሚ ካለ ወደ ነጻ የሕግ አገልግሎት መላክ የሕይወቱን አቅጣጫ ሊለውጥ ይችላል።

ወደ ጥያቄ አጠያየቁ ልመለስ። በ2008 የታተመ የኒውዮርክ ከተማ ጥናት ከወንድ ጋር ግንኙነት ካላቸው ላቲኖ ወንዶች 48 በመቶ የሚሆኑት ይህን ለሐኪማቸው እንዳልተናገሩ አሳይቷል፤ በነጮች ዘንድ ያልተናገሩት 19 በመቶ ነበሩ። ለሐኪም መናገር ከምርመራ ጋር በጥብቅ የተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል፤ ከተናገሩት 63 በመቶ፣ ካልተናገሩት ግን 36 በመቶ ብቻ የኤች አይ ቪ ምርመራ አድርገው ነበር። ጉዳቱ በኤች አይ ቪ አያበቃም። ሐኪሙ ካላወቀ ጨብጥንና ክላሚዲያን በሽንት ብቻ ይመረምራል፤ በጉሮሮና በፊንጢጣ ያለው ኢንፌክሽን ምልክት ሳያሳይ ይቀራል፣ ይተላለፋልም። የሄፓታይተስ (የጉበት ቫይረስ) እና የኤምፖክስ (የዝንጀሮ ፈንጣጣ) ክትባት፣ ተደጋጋሚ የቂጥኝ ምርመራ፣ ሁሉም በዚያ አንድ መረጃ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው።

የእኔ ሐሳብ መረጃው ባይገኝም አገልግሎቱ እንዳይቀር አድርጎ መሥራት ነው። የኤች አይ ቪ ምርመራ ከ13 እስከ 64 ዓመት ላለ ሰው ሁሉ እንደ መደበኛ ምርመራ እንዲሰጥ ከ2006 ጀምሮ ተመክሯል፤ ስለዚህ ለመመርመር የሰውየውን ሕይወት ማወቅ አያስፈልግም። ለአባላዘር ምርመራ ደግሞ «ይህን ሁሉንም እጠይቃለሁ፤ መልሱ ከዚህ ክፍል አይወጣም» ብለው ይጀምሩና ስለ ማንነት ሳይሆን ስለ አካል ይጠይቁ፦ ግንኙነትዎ ከሴት፣ ከወንድ ወይስ ከሁለቱም ጋር ነው፤ የትኛውን የሰውነት ክፍል እንመርምር። ናሙናውን በጉሮሮም በፊንጢጣም ታካሚው ራሱ በመጸዳጃ ክፍል መውሰድ ይችላል፤ የሽንቱን፣ የጉሮሮውንና የፊንጢጣውን መውሰጃ በሥዕል ከተደገፈ ማብራሪያ ጋር ሰጥተውት የሚፈልገውን ይመልስ። ምንም ሳይናገር ሁሉንም ሊመልስልዎ ይችላል። ይህ ለእኔ ከብዙ ስልጠና የሚበልጥ ዘዴ ነው። እንዲሁም ፕሬፕንና ከተጋለጡ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚጀመረውን መድኃኒት ለማንኛውም አዋቂ ታካሚ ይንገሩ፤ «አንተ ባያስፈልግህ የሚያስፈልገው ሰው ታውቅ ይሆናል» የሚለው አነጋገር ለሰውየው መውጫ መንገድ ይተውለታል።

አንደበትዎን ስለሚይዘው ነገር ደግሞ በግልጽ ልናገር። ያደጉበትን እምነት እንዲተዉ ማንም አይጠይቅዎትም። በምርመራ ክፍሉ ውስጥ የነገረ መለኮት ውሳኔ አይጠበቅብዎትም፤ የሚጠበቅብዎት ጥያቄውን ስለ ስኳር በሽታ በሚጠይቁበት ድምፅ መጠየቅ ነው። ታካሚዎችዎም በአብዛኛው የሚያምኑ ሰዎች ናቸው፤ ካቶሊክ ወይም ወንጌላዊ፣ ስለት የሚሳሉ፣ ለእናታቸው የሚጸልዩ። ፊትዎን ያነባሉ። ዓይንዎን ከእሱ ወደ ኮምፒዩተሩ ባዞሩባት ቅጽበት መልሱ ይለወጣል። ጥያቄውን ቤት ውስጥ፣ በስፓኒሽ፣ ጮክ ብለው እስኪለምድዎት ድረስ ይለማመዱት፤ አብዛኛው መያዝ የሚመጣው ቃሉን ከዚህ በፊት ተናግረነው ባለማወቃችን ነው። ከተለማመዱም በኋላ ልቡናዎ ካልፈቀደ፣ ሌላ ባልደረባ እንዲጠይቅ ማድረግ ጥያቄውን ከመዝለል ይሻላል።

በአካባቢዎ ብቻዎን አይደሉም። በ1983 የመካከለኛው አሜሪካ ስደተኞችን ለማከም በበጎ ፈቃደኞች የተጀመረው ላ ክሊኒካ ዴል ፑዌብሎ በዋሽንግተንና በሃያትስቪል ይሠራል፤ ለእንዲህ ያሉ ላቲኖ ወጣቶች የተለየ መሰብሰቢያ አለው፤ እዚያ የሚያገለግሉት በራሳቸው ቋንቋ የሚያናግሯቸው ወገኖቻቸው ናቸው። ኤች አይ ቪ በደሙ የተገኘበት ሰው ደግሞ በ1990 በወጣው የራያን ኋይት ሕግ የሚደገፈውን ሕክምና ለማግኘት የፌዴራሉ ሕግ ዜግነትን አይጠይቀውም፤ ይህን ብዙ ታካሚዎች አያውቁም፤ «ወረቀት የለኝም» ብለው ውጤታቸውን ይዘው የሚጠፉት በዚህ የተነሳ ነው። ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ መድኃኒቱን የወሰደ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንደማያስተላልፍም እዚያው ተቀምጦ ሳለ ይንገሩት፤ ውጤቱን በሰሙበት ቀን ማግባትና ልጅ መውለድ ያበቃላቸው የሚመስላቸው ብዙ ናቸውና። ወደ ሌላ ተቋም ሲልኩት ስልክ ቁጥር ጽፈው ብቻ አይስጡት፤ አጠገብዎ ተቀምጦ ሳለ ደውለው፣ የሚቀበለውን ሰው ስም ጠይቀው፣ ከሥራ ሰዓቱ ውጭ የሚሆን ቀጠሮ ያስይዙለት።